ምሩዱላ ያየችው ቁጥር

ስለ ዶክተር ምሩዱላ ጻፍ ሲሉኝ እኔ ምን ጽፌ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ፊደል ደህና አድርጌም አልቆጥርም። ግን እዚህ ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ፣ የሰማይ ጥናት ተቋሙ ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሻይ አፍልቻለሁ። ያን ክረምት እሷን እንደኔ በቅርብ ያየ የለም።

ሥራዋ አሮጌ ብርሃን ነው። ዓለም ገና ሕፃን ሳለች የወጣ ብርሃን፣ እስከዛሬ እየመጣ ነው ይላሉ። እሱን ለክተው፣ በመሃል የተጋረደውን የሰማይ አቧራ በሂሳብ አበጥረው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ያወጣሉ። ታዲያ ደንብ አላቸው። ሥራው እስኪያልቅ ቁጥሩን ማንም አያይም፤ ኮምፒዩተሩ ሌላ ቁጥር ደባልቆ ይሸፍንባቸዋል። ሰው የሚመጣውን ካወቀ እጁ ወደዚያ ያደላል፣ ነው ነገሩ። ሁሉም ከፈረሙ በኋላ በአንድ ቀን ይገለጣል። ከዚያ ወዲያ መነካካት የለም።

አራት ዓመት ለፍታበታለች። የሥራ ውሏ ሊያልቅ ዓመት አልቀረውም፤ ጥናቱ ሲወጣ ስሟ መጀመሪያ ላይ ካልተጻፈ የሚቀጥራት እንደማይገኝ ነግራኛለች።

አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ፣ የዝንጅብል ሻይዋን ይዤ ገባሁ። እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ሌላ ነገር ልትፈትሽ ብላ መሸፈኛውን ሳታስገባ ሂሳቡን አስኬደችው፤ ቁጥሩ ራቁቱን ወጣ።

“ምን ሆንሽ ልጄ?” አልኳት።

“አየሁት፣ አጎቴ ናምዴዎ። አየሁት።”

ኮምፒዩተሩን ዘጋችው። የታየ ነገር ግን አይዘጋም።

ከዚያ ወዲያ እንደታሰረች ቁጠሩት። ብትናገር ከሥራው ትወጣለች። ዝም ብትል ደግሞ ከልኬቱ ይኼን ልጣል ያንን ልያዝ ባለች ጊዜ ሁሉ ያ ቁጥር እየመራት እንደሆነ ራሷ ታውቀዋለች። ስብሰባ ላይ አብሯት የሚሠራው ኢርሻድ የቱ ይሻላል ሲላት አንገቷን ትደፋለች።

“ምነው እንደ ሙሽራ አቀረቀርሽ? ድሮ እኮ አፍ አታስከፍቺንም ነበር” አላት። ሌሎቹም ሳቁ። እኔ ብርጭቆ ሰበሰብኩ።

ምሳዋን እኔ ጓዳ መጥታ ትበላ ጀመር። ጓዳዬ ሁለት ሰው በደንብ አትይዝም። በሩን ዘግታ፣ ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ ቂጣውን በእጇ እንደያዘች መጉረሱን ትረሳለች። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። ልመክራት አስብና እፈራለሁ። በመጨረሻ፣ ስኳር ሁለት ጊዜ የጨመርኩ ከመሰለኝ ሻዩን እደፋዋለሁ አልኳት። ለምን እንዳልኩት ለራሴም አልገባኝም።

በማግስቱ ለአለቃዋ ለፕሮፌሰር ጎድቦሌ ነገረቻቸው። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉ።

“ስንት እንደሆነ ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለእኔም” አሏት።

ቀሪውን ኢርሻድ እንዲጨርስ፣ እሷ ቁጥሩ እስኪገለጥ ስብሰባ እንዳትገባ ተወሰነ። ስሟም ዘጠነኛ ሆነ።

ሰባት ወር በኮሪደሩ ስታልፍ ሰው ወሬውን ያቋርጣል። ጠልተዋት አይደለም፤ ከፊቷ ቁጥሩን እንዳይገምቱ ነው። ብትስቅም ይፈሯታል፣ ብታዝንም ይፈሯታል። ስለዚህ ፊቷን ምንም እንዳይናገር አድርጋ ያዘችው። እናቷ ሳትቀር ታመምሽ ወይ ትላት ነበር።

ቁጥሩ የተገለጠ ቀን ጭብጨባው እስከ ጓዳ ተሰማ። አሁንማ መግባት ትችላለች፤ እግሯ እምቢ አለ። ጽፈህ አምጣልኝ አለችኝ። ቁጥር እንኳ አያቅተኝም፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን በወረቀት ገልብጬ ሰጠኋት።

ብዙ አየችው። ያ ያየችው ቁጥር አልነበረም። ለካ እሷ ከወጣች በኋላ ኢርሻድ አቧራው በደንብ ሳይቀነስ መቅረቱን ደርሶበት አስተካክሎታል።

“አጎቴ፣ ስጠብቀው የከረምኩት አቧራ ነው” አለች። ፊቷ እንደለመደው ምንም አላለም።

ኢርሻድ ከውስጥ፣ ሙሽራዋ ትግባ እንጂ እያለ ይጣራል። እሷ ወረቀቱን አጣጥፋ እኔ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋች።

ውሏ ሲያልቅ የሚቀጥራት አልተገኘም። ዛሬ ናሺክ ከተማ ሂሳብ ታስተምራለች። አንዳንዴ ትደውልልኛለች። ደህና ነኝ ትላለች፤ ደህና መሆኗን ግን ከድምፅዋ መለየት እስካሁን ያቅተኛል።