እትዬ ጎማና የሚዘለው ትራክተር

ጎሚስታው ባሏ ነበር። አንድ ቀን «ወገቤን አመመኝ፣ አንድ ወር ልረፍ» አለ፤ ወሩ ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ጎማ የምትፈታው፣ የተበሳ ከመነዳሪ የምትለጥፈውና አየር የምትሞላው እሷ ናት። ባሏ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ደንበኛ ሰላም ይላል። በዚህ ማንም አይወቅሰውም፤ ሰላምታው ጥሩ ነው። የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «እትዬ ጎማ» ይላታል፤ እሷም አቤት ትላለች።

ታናሽ ወንድሟ በትልቁ እርሻ የትራክተር ሹፌር ነው። የዚያን ዓመት እርሻው አራቱም ጎማው የሚስብ አዲስ ትራክተር ገዛ። በመንገድ ላይ ባዶውን ሲሄድ የተባረከ ነበር። ደረቁ ወቅት ገብቶ መሬቱ ሲጠና ግን፣ ማረሻው አፈር ነክሶ መጎተት ሲጀምር ፊቱ ብድግ ይላል፤ ፊቱ ሲወርድ ኋላው ብድግ ይላል። እንዲህ እየተነሳና እየወደቀ እርሻውን ያካልላል።

አንድ ቀን ወንድሟ ከሥራ ሲመለስ በሱቋ በኩል አለፈ። አፉ አብጧል።

«እታለም፣ ምላሴን ነከስኩት።»

«ስትበላ?»

«ሳርስ።»

ክሊኒክ ሄዶ ነበር። ጤና ረዳቷ «የሚያንቀጠቅጥህ መቼ መቼ ነው?» ብትለው «በሁለተኛ ማርሽ» አላት። የሕመም ማስታገሻ ሰጥታ ሸኘችው።

የእርሻው ዋና መካኒክ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ፣ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ነው። መጀመሪያ የወንበሩን ሞላ ቀየረ። ሹፌሩ አሁን ከትራክተሩ ጋር ሳይሆን ለብቻው መዝለል ጀመረ። ቀጥሎ መካኒኩ «ቀሎት ነው! ክብደት ይጨመርለት!» ብሎ የኋላዎቹን ጎማዎች እስከ ሦስት አራተኛቸው ውሃ ሞላቸው፤ በላዩም ድንጋይ እስኪመስሉ አየር ነፋባቸው። ትራክተሩ በበለጠ ክብደት ዘለለ።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን አሰበበትና ጥፋተኛውን አገኘ። ለሹፌሩ «ተሽከርካሪን ያለአግባብ ስለማዝለል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈለት። አንድ ሌላ ከተጨመረ ስንብት ነው።

እትዬ ጎማ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወንድሟ የሦስት ልጆች አባት ነው።

«ትራክተሩ መጽሐፍ የለውም?»

«አለው። ከወንበሩ ሥር ነው። ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም።»

«አምጣው።»

ላስቲኩን ቀዳ ሁለት ቀን አነበበች። ሱቁ ሁለት ቀን ሰላምታ ብቻ ሲሰጥ ዋለ።

ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ጎማውን ሳታሞቀው የአየር መለኪያዋን ይዛ እርሻው ደረሰች። የኋላዎቹ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሁለት። ከፊተኞቹ አንዱ አሥር፣ አንዱ አሥራ አራት።

«ጠንካራ ጎማ ጤነኛ ጎማ ነው!» አለ መካኒኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ጋሼ፣ ስንት ይመዝናል?»

«ምኑ?»

«ትራክተሩ። ፊቱ ለብቻው፣ ኋላው ለብቻው።»

«ከባድ ነው!» አለ መካኒኩ፣ ድምፁን ይበልጥ ከፍ አድርጎ።

የመኪና ሚዛኑ ያለው እህል መጋዘኑ ጋ ነው። መዛኙ ቅጹን ዘረጋ።

«የጭነቱ ዓይነት?»

«ጭነት የለውም» አለች።

«ጭነት ከሌለው አይመዘንም። ቅጹ አይፈቅድም።»

«እንግዲያው ውሃ በል።»

«ውሃው የታለ?»

«ጎማው ውስጥ።»

መዛኙ ትራክተሩን አየ፣ ቅጹን አየ፣ «ውሃ» ብሎ ጻፈ። መጀመሪያ ፊቱ ብቻ ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ኋላው ብቻ። ከጠቅላላው ክብደት ፊት ላይ ያለው ሩብ እንኳ አልሞላም። መጽሐፉ ደግሞ እንዲህ ላለ ማረሻ ጎታች ከአሥሩ አራት እጁ ፊት ላይ ይሁን ይላል።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ከኋላዎቹ ጎማዎች ውሃ ሲፈስ ዋለ። ከትራክተሩ ጋር የመጡትን የፊት ክብደት መጨመሪያ ብረቶች ፍለጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ፤ ጥበቃዎቹ ተቀምጠውባቸው ነበር። «ተነሱ» ሲባሉ ለመቀመጫው የፈረሙ መሆናቸውን ተናገሩ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት አግዳሚ ወንበር ካዘዘላቸው በኋላ ብረቶቹ ተለቀው ፊት ላይ ታሰሩ።

እንደገና ተመዘነ። እትዬ ጎማ ክብደቱን ይዛ ሠንጠረዡን አየች፤ ለአራቱም ጎማ አሥራ አራት ይበቃል ይላል። አሥር የነበረውን ፊተኛ ሞላችው፤ የኋላዎቹን ቫልቭ ከፍታ አሥራ አራት እስኪሆኑ አየሩን ለቀቀችው። ጎማዎቹ እየረገቡ ሆዳቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

«ተነፈሰብን እኮ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እርስዎ፣ ይሄ ጎማ ተበላሸ!»

«አልተበላሸም ጌታዬ። እንደ ድንጋይ ሲጠነክር መሬቱን በጫፉ ነው የሚነካው፤ ይነጥራል። ሲላላ ይረግጣል።»

ይህን ያለችው ረጋ ብላ ነው። እጆቿን ግን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከታ ነበር፤ ካልተሳካ ሁለተኛው ደብዳቤ የማን እንደሆነ ታውቃለች።

ወንድሟ ማረሻውን ጥሎ ጎተተ። ትራክተሩ ሄደ። መሬቱ ጠበቅ ያለበት ቦታ ሲደርስ ትንሽ ዘለል ዘለል አለ።

«ይኸው!» አለ መካኒኩ፤ ትንሽ ደስ ያለው ይመስላል።

«ቁም!» አለች እሷ። የኋላዎቹን አልነካችም። የፊተኞቹን ሁለት ጨመረችላቸው። ሄደ፣ ዘለል አለ፣ ግን ያነሰ። ሁለት ጨመረች። ከዚያ ደግሞ ሁለት። ሃያ ላይ ሲደርሱ ትራክተሩ ያን ጠጣር ቦታ ገብቶበት ወጣ፤ ምንም የሚወራ ነገር አልተፈጠረም። እኩል አሥራ አራት ሳሉ ፊቱና ኋላው በአንድ ምት ይዘሉ ነበር፤ አሁን አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ላላ ሲል መዝለሉ ላይ መስማማት አቃታቸው።

ወንድሟ ከትራክተሩ ወርዶ አቀፋት። ሁለቱም አፈር በአፈር ነበሩ። «እታለም» ብቻ አለ፤ ምላሱ ገና አልዳነም።

በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ፦ «ተሽከርካሪው መዝለሉን በማቆሙ ምክንያት ማስጠንቀቂያው ተነስቷል።» የማረሱ ሥራም በቀነ ገደቡ አለቀ፤ ነዳጁም ከታሰበው ያነሰ ሆነ። በሪፖርቱ ላይ ይህ «በአመራሩ የቅርብ ክትትል» እንደተገኘ ተጽፏል። እትዬ ጎማ ይህን ስትሰማ የአውቶቡስ ጎማ እየፈታች ነበር፤ መፍታቷን ቀጠለች።

መካኒኩ ለሦስት ሳምንት አላናገራትም። በአራተኛው እሑድ ሱቋ መጣ። ባሏ በደንብ አድርጎ ሰላም አለው። መካኒኩ ከአሮጌ ጎማዎቹ አንዱ ላይ ተቀምጦ ስለ ሙቀቱ አወራ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማክሰኞ አሮጌውን ትራክተር ይዤልሽ ልምጣ?»

«እሱም ይዘላል እንዴ ጋሼ?»

«የለም፣ እሱስ አይዘልም።»

«ታዲያ?»

መካኒኩ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «ስንት እንደሚመዝን አላውቅም» አለ።

«ከሰዓት ይሁን» አለችው።