«አስታማሚ ይዘው ይምጡ»

ሰፈርተኛው ጋሽ ፀጥታ ይለዋል። ወሬ የማይወድ ፀጉር አስተካካይ ዋና የማይችል ዓሣ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን ሰው ሲያወራ መስማት ይችልበታል። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ ከታሰረለት በኋላ ስለ አማቱ፣ ስለ አለቃው፣ ልትፈታው ስላሰበችው ሚስቱ ይዘረግፋል። ጋሽ ፀጥታ «አሃ»፣ «ይገርማል» እያለ መቀሱን ያንቀጫቅጫል። ሰውዬው ጭንቅላቱም ሆዱም ቀሎት ይነሳል። የጋሽ ፀጥታን ሆድ ግን አንኳኩቶ የሚያውቅ የለም።

ሱቁ ሁለት ወንበር አለው። በሁለተኛው ላይ የሚሠራው የልጆች አባት ሬዲዮው ይባላል፤ ከተከፈተ አይዘጋማ። አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው ለሁለት ያወራል፤ እንዲህ ሆነው ዓመታት ኖረዋል።

ጋሽ ፀጥታ ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ እንዳለ ካወቀ ብዙ ዘመኑ ነው። ኪኒኑን በየማለዳው ይውጣል፤ ቫይረሱም በምርመራ እስከማይታይ ድረስ አደብ ገዝቷል። ይህን ግን በሱቁም በሰፈሩም የሚያውቅ ሰው የለም። ምላጭ የሚይዝ እጅ ነዋ! ሰው ሐኪም እስኪያስረዳው አይጠብቅም፤ ወሬው ከወጣ ወንበሮቹ ባዶ ይቀራሉ።

ድሮ ደባል ነበረው፤ ማተሚያ ቤት የሚሠራ፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሰው። ለጎረቤት ደባሉ ነበር፤ ለአከራይዋ የአክስቱ ልጅ ነው ብለዋት ነበር። ለጋሽ ፀጥታ ግን ቤቱም ዘመዱም ፍቅሩም እሱ ነበር። አብረው ተመረመሩ፣ አብረው ታመሙ። መድኃኒቱ ለአንደኛው ደረሰ፤ ለረጅሙ አልደረሰም። የቀብሩ ዕለት ከሟች ወንድሞች አንዱ «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ሲለው፣ «ጎረቤት ነኝ» አለና ከሰው ጀርባ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ እዚያች ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው አላደረም።

ታሪኩ የሚጀምረው ለመድኃኒት ክትትል ክሊኒክ በሄደበት ቀን ነው። አዲሷ ዶክተር ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው።

«ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር ጨምረናል» አለችው። «ከመደበኛው ክትትል ጋር የፊንጢጣ ካንሰር ቅድመ ምርመራ እናደርጋለን። ቫይረሱ ያለባቸው ወንዶች ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል።»

ፊቱ እንደ ምድጃ ጋለ። ማን ነገራት? ከምኔ አወቀች?

«እኔን ብቻ ነው?»

«ኧረ በእርስዎ ዕድሜ ያሉትን በሙሉ ነው። ሴቶች ለማሕፀን በር እንደሚታዩት ማለት ነው፤ ሁለቱንም የሚያመጣው ከኤችአይቪ ሌላ የሆነ አንድ ዓይነት ቫይረስ ነው። ደም አይተው ያውቃሉ? ሕመም ወይም እብጠትስ?»

«ምንም የለም» አለ ጋሽ ፀጥታ።

ውሸቱን ነው። ደም ማየት ከጀመረ ሰንብቷል። ሐኪሙም በሽተኛውም ራሱ ሆኖ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ፈርዶበት፣ በደንበኛና በደንበኛ መካከል የሚያርፍባት በርጩማ ላይ ትራስ ጣል አድርጎባት ነበር።

«ለሌላ ቀን ይሁንልኝ። ሱቅ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ተነሳ።

መተላለፊያው ላይ ሲስተር ያዘችው። ሲስተር ከመድኃኒቱ መስኮት ጀርባ ያረጀች፣ ጡረታዋ የደረሰ ነርስ ናት።

«ሮጠህ ወጣህ ልበል?» አለችው።

«ሥራ አለብኝ ሲስተር።»

«ሥራ መቼ አልቆ ያውቃል?» መስኮቱን ዘግታ ወደ እሱ ወጣችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያ ረጅሙ ሰው ትዝ ይለኛል። እዚች አግዳሚ ላይ እንቅልፍ ሲጥለው ኮትህን አውልቀህ ታለብሰው ነበር። አንተ በሸሚዝ ትንቀጠቀጣለህ።»

 በዚያ ሁሉ ዘመን ያንን ሰው በጋሽ ፀጥታ ፊት ያነሳ አንድም ፍጡር አልነበረም። አንዳንዴማ በሕልሜ ያየሁት ይሆን እንዴ እስከማለት ደርሶ ነበር።

«ያኔ መድኃኒቱ ሳይደርስ ቀረ፤ ምንም ማድረግ አልቻልንም» አለች ሲስተር። «ይሄኛው ግን ደርሷል። የደረሰልህን አትግፋ ወንድሜ።» ይህን ብላው ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሰው ተጠርቶ ገባ፣ ሌላ ሰው ወጣ። ብዙ ከቆየ በኋላ ተነስቶ የዶክተሯን በር ቆረቆረ።

«ደም አያለሁ» አለ ገና ከበሩ።

በጎኑ አስተኝታ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ እንዲያጥፍ ነገረችው። የምታደርገውን ሁሉ አስቀድማ ትናገራለች፤ አሁን በጓንት እዳብሳለሁ፣ አሁን በጥጥ እንጨት ናሙና እወስዳለሁ እያለች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ያያል። የፈራውን ያህል አላመመውም። ሆድ ያስባሰው ሌላ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቅላት ሲዳብስ የሚውል ሰው፣ እሱን ሰው በእጁ ከነካው ስንት ዘመኑ! ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ዶክተሯ ያመመው መስሏት «ይቅርታ፣ አለቀ፣ አለቀ» አለችው።

የጥጡ ውጤት ንጹሕ አልነበረም። ተጠርቶ ተመለሰና በማጉሊያ መሣሪያ ታየ፤ አቼቶ የመሰለ ነገር ሲቀቡት ሽታው ክፍሉን ሞላው። ነጥቶ ከታየው ቦታ ቅንጣት ሥጋ ተወሰደለት። ሳምንታት ጠበቀ። በእነዚያ ሳምንታት የደንበኞቹን ወሬ «ይገርማል» እያለ ሰማ፤ ምን እንደሰማ ግን አያውቅም።

«ካንሰር አይደለም» አለችው ዶክተሯ፣ ወንበር እንኳ ሳይዝ። «ግን ዝም ከተባለ ወደዚያ ሊያመራ ይችላል። ደሙ እርስዎ እንዳሰቡት ከኪንታሮት ነው። ይሄ ያገኘነው ግን አይደማም፣ አያምም፤ ካልፈለጉት አይገኝም። ቦታውን እናቃጥለዋለን፤ ከዚያ በኋላም በየጊዜው እያየን እንከታተለዋለን።»

ጋሽ ፀጥታ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ማደንዘዣና ማስተኛ ስለምንሰጥዎት ብቻዎን መሄድ አይችሉም» አለች አስከትላ። «አስታማሚ ይዘው ይምጡ።»

ካንሰር ከሚለው ቃል ይልቅ ይህች ቃል ከበደችው። ወደ ሱቁ በእግሩ እየሄደ በልቡ ሰዉን ሁሉ አገላበጠ። ወንድሙ? በሽታውን ከሰማ ጊዜ ጀምሮ ስልክ ሲደውል «ሰላም ነው? ሰላም ነው። በል ቻው» ከማለት አያልፍም። አከራይዋ? ለእሷ መንገር ለመንገዱ ሁሉ መንገር ነው። የግማሹን ሰፈር የራስ ቅርጽ ያውቃል፤ አናቱ የሳሳውን ማን እንደሆነ፣ ጠባሳ የሚደብቀውን ማን እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ሁሉ ራስ መካከል፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው አንድ ሰው አጣ።

ሱቁን ሊዘጉ ሲሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሐሙስ ጠዋት አንድ ቦታ ትሸኘኝ?»

ሬዲዮው መጥረጊያውን አቆመ። ከጋሽ ፀጥታ አፍ «አድርግልኝ» የሚል ቃል ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም። «የት?»

«ኪንታሮት ላስወጣ።»

«ጋሼ! ለካ ዝም የምትለው መቀመጥ አላስችል ብሎህ ነው!» እየሳቀ ተንከተከተ። «እሄዳለሁ እንጂ፣ ይሄ ምን ጥያቄ አለው!»

ሐሙስ ዕለት ሬዲዮው መንገዱን ሁሉ ሲያወራ ሄደ። ከዘበኛው ጋር ተቀላለደ፤ አግዳሚው ላይ ላገኛቸው ሴትዮም የልጆቹን ተንኮል አወራ። ጋሽ ፀጥታ ተሠርቶለት እየተንገዳገደ ሲወጣ ግን ሬዲዮው እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስለ ቫይረሱ የሚናገር ወረቀት ትክ ብሎ ሲያይ አገኘው። በታክሲው ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መድኃኒት ቤት ወርዶ ማስታገሻ ገዛ፤ ክፍሉ ድረስ አስገባው፤ ውሃ ከአልጋው አጠገብ አኖረለት።

«ሌላ የምትፈልገው አለ?»

«የለም።»

«በል እሺ» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ።

አወቀ፣ አለ ጋሽ ፀጥታ በልቡ። በሆዱ ተኝቶ የግቢውን ቧንቧ እየሰማ ቀናት አሳለፈ። የሚጠይቀው ሰው አልመጣም። ሬዲዮው ወንበሩን ነቅሎ ሲሄድ፣ ደንበኞቹ ተከትለውት ሲወጡ ታየው። «እኔኮ ማንንም አልጎዳሁም» የሚል ንግግር በልቡ አዘጋጀ፤ መልሶ ተወው። ሕመሙ በረድ ሲልለት ተነስቶ ልብሱን ተኮሰ።

ሱቅ ሲደርስ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሬዲዮው እንዳየው መቀሱን አስቀምጦ መጣና በጋሽ ፀጥታ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ጨርቁን ራሱ አንገቱ ላይ አሰረ።

«ፂሜን ላጭልኝ ጋሼ።»

«በማሽን ላንሳልህ» አለ ጋሽ ፀጥታ።

«በምላጭ አልኩህ።» ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ጉሮሮውን ሰጠው።

ጋሽ ፀጥታ አዲስ ምላጭ ሰካ።  አረፋውን ቀባ፣ ቆዳውን በጣቱ ወጠረ፣ ከጆሮው ሥር ጀመረ። የሬዲዮው ዓይን እንደተጨፈነ ነው። ሲጨርስ ፊቱን በፎጣ ጠረገለት። ሬዲዮው አገጩን በመስታወት አይቶ፣ «አያችሁ፣ እንዲህ ነው መላጨት!» አለ ወደ ወረፋው ዞሮ፤ ከዚያም እንደ ልማዱ ወሬውን ለቀቀው። ስለ ሐሙስ አላነሳም። ጋሽ ፀጥታም አልጠየቀውም።

ወራት አልፈው ለክትትል ሲመለስ ዶክተሯ ደጋግማ አየችውና «ንጹሕ ነው። በቀጠሮዎ ይመለሱ እንጂ አያስቡ» አለችው። ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ለሲስተር ሊነግራት ወደ መድኃኒቱ መስኮት ቸኮለ። መስኮቱ ላይ የማያውቀው ፊት አገኘ፤ ሲስተር ጡረታ ወጥታለች ተባለ። የት እንደምትኖር የሚያውቅ አልነበረም። መንገድ ላይ ስልኩን አውጥቶ የወንድሙን ቁጥር ፈለገ፤ አገኘው፤ ምን ብሎ እንደሚጀምር ግራ ሲገባው መልሶ ኪሱ ከተተው።

ሱቅ ገብቶ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። የመጀመሪያውን ደንበኛ አስቀመጠ።

«ዛሬ ደስ ብሎኛል» አለው ድንገት።

ደንበኛው ጋሽ ፀጥታ ቀድሞ ሲናገር ሰምቶ ስለማያውቅ ዘወር ሊል ቃጣው። «ምነው? ምን ተገኘ?»

«እንዲሁ ነው።»

ሬዲዮው ከሁለተኛው ወንበር ቀና ብሎ አየው። «ተመስገን» አለና ወደ ደንበኛው ተመለሰ።

ሱቁን ከዘጉ በኋላ ሬዲዮው ልጆቹ ይጠብቁታልና ወደ ታች ሮጠ። ጋሽ ፀጥታ ወደ ላይ ሄደ። ከመንገድ ሁለት እንቁላል ገዛ፤ ክፍሉ ገብቶ ጠበሰና መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ በላ። ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቶቹ ስለ አንድ ነገር እየተከራከሩ ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው ለመስማት ማንኪያውን እንደያዘ ጆሮውን ጣለ፤ ቃሉ ግን አልለይ አለው። ሳህኑን አጥቦ ደፋ።