ባንኮክ የቀረው የእናቴ ከፈን

ይህ የሆነው ለውጡ በመጣ በዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አገሬ ብዙ አይታለች፤ እኔም ብዙ አልቅሻለሁ። ሻንጣ በዘጋሁ ቁጥር ግን ቀድማ ትዝ የምትለኝ አንዲት የባንኮክ አሮጊት ናት።

ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ከተማ ነው። ኑሮዬ ጅዳ ከሆነ ግን ቆይቷል። የምንከባከባቸውን አሮጊት "ማማ" እላቸዋለሁ። ማማ ጉልበታቸውን ለመታከም ባንኮክ ሲሄዱ አብሬያቸው እንድሄድ፣ ሕክምናው ሲያልቅም ከዚያው ለእረፍት ወደ አገሬ እንድበር ተስማማን። ስለዚህ ለቤተሰብ የገዛሁትን ሁሉ አንድ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ አጭቄ ተነሳሁ።

ከሁሉም ሥር የእናቴ ከፈን ነበር።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር አሮጊት እናቶች መካ የምትደርስ ልጅ ካለቻቸው ወርቅም ሽቶም አያዟትም። "ከፈኔን በዘምዘም ነክረሽ አምጪልኝ" ነው የሚሏት። እናቴም ያዘዘችኝ ይህንኑ ነው። መካ ለዑምራ ስሄድ ነጩን ጨርቅ ገዛሁ፣ በተባረከው ውኃ በዘምዘም ነከርኩ፣ አድርቄ አጣጥፌ አስቀመጥኩ። በደወልኩላት ቁጥር "አደራዬን ያዝሽልኝ?" ትላለች።

"ይዣለሁ እማ።"

"እንግዲህ መሞት ነው የቀረኝ!" ትልና ትስቃለች። ደረቷን ያማታል፤ ሳቋ ሁልጊዜ በሳል ነው የሚያልቀው።

ሰው ጠንቃቃ ነሽ ይለኛል፤ እውነት ነው። ያን ጊዜ ግን ጥንቃቄዬ ጎዳኝ። ከፈኑን በእጅ ቦርሳ ብይዘው በፍተሻ ላይ ሰው ፊት ይዘረጋብኛል፣ ማማም አይተው ይደነግጣሉ ብዬ ከልብስ ሁሉ ሥር ደበቅኩት።

ባንኮክ ስንደርስ የማማ ሻንጣ መጣ፤ የእኔ አልመጣም። ሰው ሁሉ ዕቃውን እያነሳ ሄደ፤ ባዶው ማመላለሻ ብቻ ይዞራል። የኤርፖርቱ ሠራተኛ "ውስጡ ምን አለ?" ሲለኝ፣ አብሮን የመጣው የማማ ልጅ አስተረጎመልኝ።

"ነጭ ጨርቅ" አልኩ።

"ሌላስ?"

ጫማውም፣ ጃኬቱም፣ የእህቴ ልጆች ልብስም ከአእምሮዬ ጠፍቷል። "ይገኛል፤ ሆቴል ድረስ እናመጣዋለን፤ ጠብቂ" አለኝ።

መጠበቅ ጀመርኩ። ማማ ሆስፒታል ተኙ። ነርሶቹ ሁሉን እየሠሩ እኔን ሥራ አስፈቱኝ። ማማ እንደማልቀመጥ ሲያዩ፣ "አንቺ ልጅ፣ በር በሩን እያየሽ አታድክሚኝ፤ ሂጂና ከተማውን እዪ" አሉኝ።

እኔ እንደሁ መንገድ አልፈራም። በየመታጠፊያው ምልክት እይዛለሁ፤ እዚህ ቢጫ ጃንጥላ ያለው ፍራፍሬ ሻጭ፣ እዚያ ልብስ ሰፊዋ። ባጃጃቸው እንደኛው ሦስት እግር ነው፤ ግን እንደ ሙሽራ መኪና አጊጧል። ሹፌሩ ዋጋ ሲጠራብኝ የሐይቅ ገበያ ፊቴን አሳየሁት፤ አንድ ቃል ሳልናገር ዞሬ መንገድ ጀመርኩ። ከኋላዬ እየጮኸ ተከተለኝ። ዋጋ መከራከር ቋንቋ አይፈልግም!

በከተማው መሐል ቦይ አለ፤ ሰው በጀልባ እንደ ታክሲ ይሳፈራል። የሐይቅ ልጅ ጀልባ አይታ ዝም አትልም፤ ተሳፈርኩ። ጥቂት እንደሄድን አዛን ሰማሁ። ሱብሃነላህ! በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል አዛን። በሚቀጥለው ማቆሚያ ወረድኩ።

ከሰላት በኋላ ስወጣ፣ ከመስጊዱ አጠገብ አንዲት ሒጃብ የለበሱ አሮጊት ዓሣ ይጠብሳሉ። ቀረብ ብዬ ሳየው ቆሮሶ ነው! የሐይቃችን ቆሮሶ በዓይኑ በክንፉ። ሳላስበው ሳቅሁ፤ ሰላምታም ሰጠሁ። ሰላምታዬን መልሰው በአረብኛ "ከየት ነሽ?" ሲሉኝ ክው አልኩ።

ሐጃ ሐሊማ ይባላሉ። በወጣትነታቸው መካ ውስጥ ለሐጃጆች ምግብ ያበስሉ ነበር። እኔም አረብኛውን የተማርኩት ጅዳ ወጥ ቤት ነው። የሁለታችንም አረብኛ "ድስቱን አውርጂ፣ ጨው ጨምሪ፣ ቶሎ በይ" ላይ የበረታ ነው። ሌላውን በእጅ ሞላነው።

በማግስቱም ሄድኩ። በሠልስቱም። ቢላ ተቀብዬ ዓሣውን ከጭራው ወደ ራሱ ቅርፊቱን ስገፈው አይተው "አንቺስ ከውኃ ነው የወጣሽው" ብለው ሳቁብኝ። ስልኬን ደጋግሜ ሳይ ግን አላለፉኝም።

"ባል ነው?"

"ኧረ ሻንጣ ነው!"

ነገርኳቸው። ከፈን የሚለው ቃል ላይ ስደርስ መጥበሻቸውን መገልበጥ ተዉ።

"እናትሽ ታማለች?"

"ደካማ ናት።"

"መቼ ትሄጃለሽ?"

"ጁምዓ።"

ከኋላቸው ባለው የእንጨት ደረጃ ወደ ቤታቸው ወጡ። ዓሣው እንዳያር እኔ ገለበጥኩት። ሲመለሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ ይዘዋል።

"የእኔ ነው። ሐጅ ሳደርግ በዘምዘም ያጠብኩት። ለእናትሽ ውሰጂላት።"

"ኧረ አይሆንም! እርስዎስ?"

"እኔ ዛሬ አልሞትም፤ ገና ያልተጠበሰ ዓሣ አለ።"

እኛ ዘንድ ስጦታ ሲሰጥ ሁለት ሦስቴ አለመግደርደር ነውር ነው። አንዴ እምቢ አልኩ። ደግሜ እምቢ አልኩ። ሐጃ ሐሊማ ይህን ባህል አያውቁም፤ ተቆጡ። "አትቀልጂ፤ ያዢ!" ብለው ክንዴ ላይ ጣሉት። በሻርፔ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ።

በመሄጃዬ ዋዜማ ሻንጣው ሆቴል መጣ። አንድ እግሩ ተሰብሯል። ከሥሩ የእናቴ ከፈን እንዳጣጠፍኩት አለ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሳምኩት። ከዚያ ግን የሐጃ ሐሊማ ነገር ጨነቀኝ። ሁለቱንም ይዤ ጀልባ ተሳፈርኩ።

"ሻንጣዬ መጣ፤ የእርስዎን መለስኩ" አልኳቸው።

እጃቸውን አልዘረጉም። "ለእናትሽ ብዬ በልቤ ነይቼዋለሁ። የነየትኩትን መልሼ አልወስድም።"

"ታዲያ እርስዎ ባዶ እጅዎን ሊቀሩ ነው?"

"አላህ ያውቃል።"

ቆሜ አሰብኩ። ከዚያ የእናቴን ከፈን አወጣሁና ዘረጋሁላቸው። አንዴ እምቢ አሉ። ደግመው እምቢ አሉ። ለካ መግደርደር እዚያም አለ!

"አይቀልዱ፤ ይያዙ!" አልኩና ክንዳቸው ላይ ጣልኩት። የራሳቸውን ቃል ሲሰሙ ሳቅ አሸነፋቸው፤ ያዙት።

የሐጃ ሐሊማን ከፈን በብብቴ ይዤ ሐይቅ ገባሁ። እናቴ ታሪኩን ሰምታ ትከፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ጨርቁን ከትከሻዋ ወደ እግሯ ለካችው።

"የዚያ አገር ሰው አጭር ነው አሉ፤ ይበቃኝ ይሆን?"

"ይበቃሻል እማ።"

"ባይበቃኝም እግሬን አጠፍ አደርጋለሁ" አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰላቷ በኋላ "ለባንኮኳ ሐሊማ" የምትለው ዱዓ አልቀረም።

ከጊዜ በኋላ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። እኔ ጅዳ ነበርኩ፤ ስልክ ተቋረጠ። እንዴት እንደሰነበትኩ አላህ ነው የሚያውቅ። ስልኩ ሲመለስ የእናቴን ሳል ነው መጀመሪያ የሰማሁት፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም።

"ደህና ነኝ ልጄ። አደራሽን ግን ሰጠሁት።"

ከቤት ስትሸሽ ከፈኑን ወገቧ ላይ አስራ ነው የወጣችው። በተጠጉበት ቤት ከውጫሌ በኩል የመጡ አንዲት ስደተኛ እናት አረፉ። ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ መከፈኛ ጨርቅ ታጣ።

"ታዲያ ወገቤ ላይ አስሬ ዝም ልበል?" አለችኝ፣ እኔ የተቆጣሁ ይመስል።

"መልካም አደረግሽ እማ። ... በቃቸው?"

"ረጅም ሴት ነበሩ" አለች፣ "ግን በቃቸው።"

እናቴ ዛሬም አለች፤ ታስላለች፣ ትስቃለች። ሐጃ ሐሊማ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም፤ ከሞቱ ግን የእናቴን ለብሰው እንደሄዱ አምናለሁ፤ ልቤም በዚህ ሰላም ያገኛል። ለዘንድሮ እረፍቴ እንደገና ነጭ ጨርቅ ገዝቼ በዘምዘም ነክሬያለሁ። በእጅ ቦርሳዬ ነው የምይዘው፤ ፈታሾቹ ከፈለጉ ሰው ፊት ይዘርጉት።

ሁለት ነው የያዝኩት። አንዱ የእናቴ ነው። ሁለተኛው የማን እንደሆነ አላህ ያውቃል።