የካሴቱ ጭራ

ወልቂጤ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት በጣት በሚቆጠርበት ዘመን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደምጠፋ ከእናቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሷም የምታውቀው ግማሹን ብቻ ነው። የተሻለ ሥራ የምፈልግ ይመስላት ነበር። እኔ ግን የምሄደው ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስለ ዘፈን ልጨቃጨቅ ነው።

የምንጨቃጨቀው አንድ የሙዚቃ ወዳጆች መድረክ ላይ ነበር። አንዱ ሐሳብ ይጽፋል፣ ሌላው ከሥሩ ይመልሳል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም «ጆሮ የላችሁም» ብሎ ይሄዳል። የአማርኛ ፊደል የጫነ ኮምፒውተር ስላልነበረ አማርኛችንን በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው። መስመሩም ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው ጥፍሩን ቆርጦ ይጨርሳል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ በጸሐፊነት በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ የአለቃዬን ደብዳቤ እየመታሁ በጎን መልሴን ደብተር ላይ አዘጋጃለሁ፤ ቅዳሜ ሲደርስ እገለብጠዋለሁ። በዚህ ምክንያት ንዴቴ ሁልጊዜ የሳምንት ዕድሜ ነበረው። የተሰደብኩትን ልመልስ ስገባ ተሳዳቢዬ ስድቡን ረስቶ ሰው ሲመርቅ አገኘዋለሁ።

ደግሞ ጭቅጭቅ ብቻ አልነበረም። «ቤተሰብ እንዴት ዋላችሁ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ የሚወጣ ነበረ፤ ሌላ ምንም አይጽፍም፣ ሲቀር ግን ሁላችንም እንጨነቃለን። ልጇን በየትኛው ዘፈን እንደምታስተኛ የምትጽፍ እናት ነበረች። ሁላችንም የብዕር ስም ነበረን፤ እዚህ አላነሳቸውም። አንዱን ግን በልቤ አራሚው እለው ነበር። ዘፈኑ የወጣበትን ዓመት ያርማል፣ ባንዱን ያርማል፣ ሌላ የሚያርመው ሲያጣ «ያን ቀን ዘፋኙን ጉንፋን ይዞት ነበር» ይላል።

እኔን ሁሉም «ወንድሜ» ይሉኝ ነበር። ስለ ቴፕና ስለ ካሴት ጥገና ያን ያህል የሚያውቅ ሰው ሴት ይሆናል ብሎ ማን ያስብ? እኔም አላረምኳቸውም። ወንድሜ ሲባሉ ክርክር ይቀላል።

እውቀቱ የአባቴ ነበር። አባቴ ወልቂጤ መናኸሪያው አጠገብ ቴፕ ይጠግን፣ ካሴት ይቀዳ ነበር። ከእናቴ ጋር የተገናኙትም በካሴት ነው። ወደ ጉንችሬ አንድ ሠርግ ተጠርቶ ሄደና የልጃገረዶቹን ጭብጨባ ሲቀዳ፣ ዘፈኑን የምታወጣው፣ ሌሎቹ የሚቀበሏት ልጅ እናቴ ነበረች። ካሴቱን ላሰማት ብሎ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በአራተኛው ሽማግሌ ላከ።

መንግሥት ተለውጦ ጸሎት ቤቶች በይፋ ሲከፈቱ ሁለቱም ጌታን ተቀበሉ። ያኔ ዘፈን ያለበትን ካሴት ሰብስቦ ያቃጠለ ጎረቤት ነበረን። ካሴት የሚቀዳ ሰው ግን ካሴት ማቃጠል አይሆንለትም፤ መዝሙር ይቀዳበታል። አባቴ የቤታችንን ካሴት ሁሉ አንድ በአንድ ወደ መዝሙር ለወጠ። አንዱን ብቻ ወደ ኋላ ሲያስቀር እናቴ አየችው። «የሠርጉንም» አለችው።  አባቴ፣ ሌላ እንዳይቀዳበት ብሎ ቀድሞ ራሱ የሰበራትን የካሴቱን ጥርስ ቀዳዳ በወረቀት ጠቅጥቆ፣ መዝሙር ቀዳበት።

መዝሙሩ ግን ከዘፈኑ አጠረ። ሲያልቅ ትንሽ ዝምታ ይሆንና ከሥር የድሮው ይወጣል፤ የሴቶች ጭብጨባ፣ ከጭብጨባው በላይ የአንዲት ልጅ ድምፅ። ከዚያ ክሩ ያልቅና በቃሉ መሃል ቀጭ ይላል። እኛ ልጆች ይህችን ቁራጭ ጭራዋ እንላት ነበር። በእናቴ ጉራጊኛ የምትለው ሲተረጎም፣ «የቤታችን ልጆች፣ በሩን ገና አትዝጉት፣ ውጭ የቀረ…» ነው። ከዚያ ቀጭ።

እናቴ ቤት ካለች መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትነሳና ታጠፋዋለች። ጓሮ ከሆነች ግን አባቴ አይነካውም። ጭራዋ እስክታልቅ የያዘውን መፍቻ አስቀምጦ ይሰማል። አይቼዋለሁ።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ መነሳት ተወች። መዝሙሩ ያልቃል፣ ዝምታው ይመጣል፣ እሷ እንደተቀመጠች ናት። ጭራዋን ሰምታ ስትጨርስ ነው ወደ ሥራዋ የምትመለሰው። ቀን በቀን ማለት ይቻላል እንዲህ ሆነ። አንድ ከሰዓት ቴፑ ክሩን በላው። እስክሪብቶ ከትቼ አጠነጠንኩት፣ የተጨማደደውን በጣቴ አቃናሁት፣ አባቴ ያስተማረኝን ሁሉ አደረግኩ። መዝሙሩ ተረፈ። ጭራዋ ግን ውሃ ውስጥ ሆና የምታወራ ሴት መሰለች።

«እሰይ፣ ተገላገልን» አለች እናቴ። ጥቂት ቆይታ፣ ማሽላ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

«አባትሽን አጥፋው ስለው እንቢ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።»

 ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ቅሬታ ነው። አጥፋ ያለችው እሷ፣ ለምን አጠፋህ ብላ በሆዷ የያዘችበትም እሷ። ሰውየው ደግሞ አፈር ለብሷል፤ ማን ይመልስላታል? ያን ዘፈን አግኝቼ ካላሰማኋት ይህንን ይዛ ልትሄድ ነው ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ ቅዳሜ መድረኩ ላይ ጻፍኩ። ማን እንደዘፈነው ሳልናገር፣ ቃሉን አስቀመጥኩ፤ ጭብጨባውንም «ጠጠ፣ ጠ፣ ጠጠ» ብዬ በፊደል ለመጻፍ ሞከርኩ። በሳምንቱ ስገባ ሲስቁብኝ ሰንብተዋል። «ወንድሜ፣ ይኼ ዘፈን ነው ወይስ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ በረዶ?» ብሎ ነበር አንዱ። ሌላው «ጉራጌ ጭብጨባውንም በጅምላ ነው የሚያቀርበው» አለ። እኔም ለማስመሰል ሳቅሁ።

ያልሳቀው አራሚው ነበር። «ተሸጦ የወጣ ካሴት እንዲህ በቃል መሃል አይቆረጥም» ብሎ ጽፏል። «ይህ ሠርግ ላይ የተቀዳ ነው። ሙዚቃ ቤት አትፈልገው። የዚያ አገር የሠርግ ካሴት የሚገኘው ሹፌር ጋ ነው። ሹፌር አባት ያላችሁ፣ ሣጥን ፈትሹ።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ከቡታጅራ አንዲት ሴት መልሳለች። «አባቴ የቡኢ ሰው ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር» ትላለች። «ሴቶች እያጨበጨቡ የሚዘፍኑበት አንድ ካሴት አለው። እኛን አያስነካንም። እሱም አይከፍተውም። የሰው አደራ ነው ይላል።»

መድረኩ ተንጫጫ። ቅጂልን፣ ጫኚልን፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አሰሚን። ልጅቷ ግን ፍንክች አላለችም። «አደራ አይቀዳም» አለች በአጭሩ። አንዳንዱ ተቆጣ፤ ልጇን በዘፈን የምታስተኛዋ እናት ግን «ልክ ናት፣ ተዉአት» አለች። እኔ ደብተሬን ዘግቼ እዚያው ጻፍኩ፤ በሕይወቴ ሳላዘጋጅ የጻፍኩት የመጀመሪያው መልስ ነበር። አባቴ ካሴት ቀጂ እንደነበር፣ ማረፉን፣ ድምፁ የእናቴ ሊሆን እንደሚችል ተናገርኩ። እንዳትስቁ ብዬም ለመንኩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ መልሷ ይጠብቀኝ ነበር። «አባቴ አንድ ነገር ጠይቂ ብሎኛል። ካሴቱን የሰጠው ሰው፣ ካሴት ላይ ምን ምልክት ያደርግ ነበር?»

ይህንንማ እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል። አባቴ የካሴትን ገጽ በፊደል አይለይም ነበር፤ ማንበብ የማይችል ደንበኛ እንዳይቸገር ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ለአንደኛው ገጽ አንድ ነጥብ፣ ለሁለተኛው ሁለት ነጥብ ያደርግ ነበር፤ ሁልጊዜ ከላይ በቀኝ ጥግ። ጻፍኩላት። ከዚያ ሌላ ሳምንት መጠበቅ ሆነ። ያ ሳምንት አልገፋ አለኝ። የአለቃዬን አንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ለተሳሳተ መሥሪያ ቤት አዘጋጀሁ።

ቅዳሜ ገጹ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ሲከፈት፣ በመጀመሪያ የመጣልኝ የሌሎቹ ወሬ ነበር። «ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ አሁን ይመጣል» ይላል አንዱ። «ቤተሰብ እንዴት ዋላችሁ» የሚለው ሰውዬ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ነገር ጽፎ ነበር፦ «ጸልዩ።» ከሁሉም ሥር የቡታጅራዋ ልጅ አለች።

«አባቴ አለቀሰ። የወዳጄን ልጅ ነው ያገኘሽልኝ አለ። ግን እሱ ወንድ ልጅ አልነበረውም፣ ሴቶች ናቸው ይላል። እህቴ ነሽ ማለት ነው?»

ነኝ አልኩ። አራሚው ወዲያው ጻፈ፦ «እስከ ዛሬ ወንድሜ ያልኩትን ሁሉ አርሜአለሁ። ይቅርታ እህቴ።»

ካሴቱ ከቡታጅራ ተነስቶ ሹፌር ለሹፌር እየተቀባበለው ወልቂጤ ገባ። አደራ መሆኑን ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ የመጨረሻው ሹፌር ከደረት ኪሱ ነው ያወጣልኝ። በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ከላስቲኩ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ። መናኸሪያው ላይ ልከፍተው አልደፈርኩም።

እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። ላስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ስትፈታው መጀመሪያ ያየችው ቀዩን ነጥብ ነው፤ እጇ እዚያ ላይ ቆመ። ከነጥቡ ዝቅ ብሎ በአባቴ የተጣመመ ጽሑፍ ሦስት ቃል አይሞላም፦

«በላዩ እንዳይቀዳ።»

መጽሐፍ ቅዱስ እንደምታነብበት በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝና አነበብኩላት። ሽማግሌው ሹፌር በልጃቸው እጅ ያስጻፉት ነበር።

«አባትሽ ይህንን ቅጂ የሰጠኝ በእናትሽ ካሴት ላይ መዝሙር በቀዳበት ሰሞን ነው። ‹ሚስቴ አጥፋው ብላኛለች፤ ቃሏን አላፈርስም፣ ቤቴም አላኖረውም። ግን አንድ ቀን የት አለ ብላ ትጠይቀኛለች። ያን ቀን መጥቼ እወስደዋለሁ› አለኝ። በወልቂጤ ባለፍኩ ቁጥር ወርጄ ‹ጠየቀች?› እለው ነበር። ‹ገና ናት› ይለኛል። አሁን ጠየቀች ማለት ነው። አደራዬን ተረከቡኝ።»

እናቴ ካሴቱን በሁለት እጇ ያዘች። «ምን ነበረበት ቢነግረኝ» አለች መጀመሪያ። ቀጥላ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «እኔስ ምን ነበረብኝ ብጠይቀው» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔም አለቀስኩ። አባቴ ሲቀበር ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ።

ከዚያ «ክፈቺው» አለችኝ።

በአባቴ ቴፕ ከፈትኩት። አዲስ ለማለት ይቻላል፤ ማንም አልሰማውም። የማላውቃት ልጅ ድምፅ በረንዳውን ሞላው፤ ደፋር፣ የሰው ቤት መሆኑን የረሳች ልጅ። እናቴን አየኋት። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም፣ አልተነሳችም፣ ስለ ኃጢአትም አላነሳችም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ፈገግ አለች፤ ሹክሹክታ የሚመስል የወንድ ሳል ከማይክራፎኑ ጀርባ ተሰምቶ ነበር። አባቴ ነው።

«እነዚያ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው ያገኙት?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ዘፈኑ እየሄደ።

«እነሱ ናቸው እማዬ። ሥራ ፍለጋ አልነበረም የምሄደው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሥራ ፈላጊ እየሳቀ አይመለስም።»

ጭራዋ ደረሰች። ስንት ዓመት የሰማናት ያችው ቦታ ናት፤ በሩን ገና አትዝጉት፣ ውጭ የቀረ… ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ምንም አይከተልም ነበር። እናቴ ግን ከቆመበት ተቀበለችው፤ በተሰነጠቀ፣ ዜማውን ባልሳተ ድምፅ፣ በራሷ ቋንቋ፦ «…የሚመጣ ሰው አለ።»

ዓይኗን ጠረገች።

«እንዲህ ነው የሚያልቀው። ለሰዎቹም ቅጂላቸው፣ መጨረሻውንም ጻፊላቸው» አለችኝ። «ድምፁ የማን ነው ካሉሽ ግን፣ የቀዳው ባሌ ነው በያቸው።»