የሆላንዱ ቆጮ ጉድጓድ

ልጅ ሳለሁ፣ ሆሳዕና አጠገብ ባለችው መንደራችን ሲመሽ ከብቶቹ ወደ ቤት ይገቡና እኛ ልጆች የእሳቱን ዳር ከጥጃዎቹ ጋር እየተሻማን እንቀመጥ ነበር። ጭሱ ያስለቅሳል፤ የኩራዙ ጥቀርሻ ከብርሃኑ ይበልጣል። እዚህ ጆሃንስበርግ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ሁሉ ሲነጫነጭ እኔ ያ ኩራዝ ነው የሚታወሰኝ። ያኔ ለእኛ ከዚያ እሳት ዳር የተሻለ ቦታ አልነበረም፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም አባባ ኤርሱሎ ተረት የሚያወራልን እዚያ ነበርና።

የጅብና የቀበሮ ተረት እንዳይመስላችሁ። አባባ ኤርሱሎ በጉብዝናው ጊዜ የሚሲዮን ክሊኒክ ዘበኛ ስለነበር፣ ከሆላንድ የመጣች አንዲት አሮጊት ነርስ የወንድሟን ታሪክ አጫውታው ኖሯል። ናዚዎች አገሯን ይዘው አይሁዶችን ከየቤቱ እየለቀሙ ወደ ሞት ሲነዱ፣ ወንድሟ ባልና ሚስት ከነልጃቸው ጣሪያው ሥር ደበቀ። ተጠቆመበትና ግንብ አስደግፈው ረሸኑት። ጦርነቱ ሲያልቅ የከተማው ሰው ስሙን ድንጋይ ላይ ቀርጾ አቆመለት። አባባ የድንጋዩን ፎቶግራፍ በዓይኑ አይቷል፤ ይህን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

እኛ ግን ጣሪያ ሥር ሰው እንዴት እንደሚደበቅ አልገባ አለን። በሣር ቤት ጣሪያ ሥር ያለው ጭስና በረሮ ነው። ስለዚህ አባባ፣ እንዲገባን ብሎ፣ ሰዎቹን ከጣሪያ አወረደና ጓሮ ባለ ባዶ የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ከተታቸው፤ በላያቸውም የእንሰት ቅጠል አለበሰ። «የት ደበቃቸው?» ሲለን በአንድ ድምፅ «ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ!» ብለን እንጮሃለን። በእኛ ቤት ሆላንዳዊ ሁሉ ቆጮ በሊታ ነበር።

ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያኖች ታሽገው፣ ወንጌላውያን ይታደኑ ነበር። ዝናብ በሚጥልበት አንድ ምሽት ካድሬው አብዮት ጠባቂዎቹን አስከትሎ ቤታችን ገባ። የመንደራችን ልጅ ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ የቆዳ ጃኬቱን በፀሐይም አያወልቅም። የተሰወረ ወንጌላዊ ፍለጋ ቤት ለቤት ሲዞር ዝናቡ መትቶታልና እሳቱ ዳር ቁጭ አለ።

«ጨዋታ አቋረጥኩባችሁ መሰለኝ፣ አባባ?»

«የልጆች ወሬ ነው፣ ጓድ።»

«የፋሽስቶቹ ነው!» አለች ታናሽ እህቴ።

ካድሬው ፊቱ በራ። «ፋሽስት? ይቀጥሉ እንጂ! እኔ እኮ በርሊን ውስጥ እነሱን የታገሉ ጀግኖች ሐውልት ሥር አበባ ያስቀመጥኩ ሰው ነኝ።»

አባባ ቀጠለ። ካድሬው ጉልበቱን እየመታ «ጀግና! ጀግና!» ይላል። እዚያች ቦታ ሲደርስ ግን አባባ እንደ ልማዱ አልጠየቀንም። «ጣሪያው ሥር ደበቃቸው» ብሎ ሊያልፍ ሲል፣ ልጅ ተረት ሲለወጥበት አይወድምና፣ ሁላችንም ጮህን፦

«አይደለም! ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ነው!»

ካድሬው ከት ብሎ ሳቀ። «ሆላንድ ውስጥ ደሞ የምን ቆጮ ነው?» ሳቁን ሳይጨርስ አባባን አየው። አባባ የሚያየው ፍሙን ነበር።

«አንተ ሽማግሌ፣ ሰዎቹ ዛሬ ምን ቢሆኑ ነው ጣሪያ ላይ የወጡት?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ባትሪውን አብርቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

ወንጌላዊውን ከቆጮ ጉድጓዳችን ከነቅጠሉ ጎትተው አወጡት። እኛ እዚያ መኖሩን አናውቅም ነበር። ጥፋተኛ የሚፈልግ ካድሬውን ይፈልግ፤ እኔ ልጅ ሆኜ ስለጮህኩ ንስሐ አልገባም። ሚስቱ እስር ቤት ስንቅ ስታመላልስ ከርማ፣ አንድ ቀን ሳህኑን እንዳለ መለሱና «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። አስከሬኑን እንኳ አላየችም። አባባ ውስጥ እግሩን ተገርፎ ተፈታ። ከዚያ በኋላም ማታ ማታ እሳት ዳር ይቀመጥ ነበር፤ ተረት ግን አላወራም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ እዚህ ጆሃንስበርግ ከመጣሁ በኋላ፣ ጀፕስታውን ሰፈር ካለው የጅምላ ሱቃችን ባንኮኒ ጀርባ መዝገበ ቃላት ይዤ ስለዚያ ጦርነት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሰው ያልተደበቀበት ቦታ የለም፤ ጎተራ፣ ምድር ቤት፣ የቁም ሣጥን ጀርባ። እያንዳንዱ ታዲያ የተጻፈው ነገሩ ካለፈ፣ ገዳይም ከተሸነፈ በኋላ ነው።

በቅርቡ የልጄ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን እዚሁ ከተማ ወዳለ የአይሁድ መቃብር ወሰደና ወላጅ ሆኜ አብሬ ሄድኩ። አይሁዶች ሲፈጁ እምቢ ብለው ለታገሉ የቆመ መታሰቢያ አለ። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ አበባ ተቀመጠ። ስንቱ ነው ነገ በሩ ሲንኳኳ የሚከፍተው ብዬ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ሐውልት ሥር አበባ ማስቀመጥማ ያ ካድሬም አልከበደውም።

ወደ ሰፈራችን ሮዘተንቪል ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ልጄ ጠየቀችኝ። አሳይመንት ተሰጥቷቸዋል፤ የሚያውቁትን ደፋር ሰው ሊጽፉ።

«ማሚ፣ ዳቬይተን ያለው ስፓዛ ሱቃችን ሲዘረፍ ዳዲን የደበቀችውን የሰፈሩን ማማ ልጻፋት?»

«ጻፊያት። ስሟን ግን እንዳትጠሪ።»

«ኦኬ። የት ነው የደበቀችው? እሱም አይነግረኝም።»

ሴትዮዋ ዛሬም የምትኖረው እዚያው ዳቬይተን፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ነው። ያን ዕለት «የውጭ አገር ሰው ይውጣ» እያሉ ዱላና ክብሪት ይዘው በሯን የደበደቡት ጎረምሶችም ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በዙሉኛ «ሳውቦና፣ ማማ» ብለው ሰላም ይሏታል። ባሌም እዚያው ሱቁን ይከፍታል። ቦታው ነገም ያስፈልግ ይሆናል።

«አልነግርሽም» አልኳት።

«ሲሪየስሊ? መቼ ነው ታዲያ የምትነግሪኝ?»

«ሐውልት ሲቆምላት።»