የጠርሙሱ አንገት የት አለ?

ሥራ እንዴት እንደሚመራ የሚያስተምሩን መምህር ውጭ አገር ተምረው የመጡ ናቸው። ትምህርቱን በደረቁ አይሰጡም፤ የአንድ ባሕር ማዶ ፋብሪካ ታሪክ በታይፕ ጽፈው ይመጡና «ይህ ሰውዬ ምን ያድርግ?» ይሉናል። በዚያ ዓርብ ያመጡት የጫማ ፋብሪካ ነበር። ቆዳ ቆራጩ ፈጣን፣ ሶል መቺው ፈጣን፤ ጫማው ግን ሁልጊዜ መርከብ ያመልጠዋል።

«የጠርሙሱን አንገት ፈልጉ» አሉ።

ከኋላ አንዱ፣ «መምህር፣ የሚሠሩት ጫማ ነው አረቄ?» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። እሳቸውም ስቀው፣ መጽሐፉ እንደዚያ ስለሚል ነው እንጂ ነገሩ ሥራ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚጠብባት አንዲት ቦታ እንደሆነች አስረዱን። «ለሰኞ ከከተማችን ከአሰበ ተፈሪ አንድ ፈልጋችሁ ጻፉ።»

እኔ ግን ሰኞን የፈራሁት በሌላ ነው። እናቴ ቡና ለቃሚ ናት፤ ብልሹውን ፍሬ ከደኅናው ትለያለች። ከመቻራ የሚመጣው ቡና እሷ ያለችበት መጋዘን ተለቅሞ፣ ጆንያው ተሰፍቶ፣ በጭነት መኪና ሚኤሶ ይወርድና በባቡር ጅቡቲ ይገባል። መኪናው ሁለት ጊዜ ዘግይቶ ባቡሩ አምልጦታል። የለቃሚዎቹ አለቃ ካቦው፣ «ሰኞም ከዘገየ ቀርፋፎቹን አባርራለሁ» ብሏል። የእማዬ ዓይን ደክሟል፤ ቀርፋፋ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው።

ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። መቀመጥ አቃተኝ። እማዬ ጋ፣ በሩ ጋ፣ ደግሞ እማዬ ጋ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል? ቁንጫ ገባብሽ?» አለችኝ እማዬ።

ለቃሚዎቹ እኮ አልዘገዩም! የለቀሙት ቡና የሞላባቸው ጆንያዎች አፋቸውን ከፍተው አንድ ሽማግሌ ፊት ተሰልፈዋል። ሽማግሌው በአንዲት መርፌ ይሰፋሉ። ክሩ ሲያልቅ ይቆማሉ፤ ሌላ ክር ምራቅ ያስነካሉ፤ ቀዳዳውን ይስታሉ፤ እንደገና ምራቅ። ልፈነዳ!

የጠርሙስ አንገት ብል ማን ይገባዋል? ድንገት የራሳችን ቃል መጣልኝና ወደ ካቦው ሮጥኩ።

«ጋሼ! ጋሼ! ማነቆው እዚያ ነው!»

«ማን ታነቀ?» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ። ሴቶቹ ሰፌዳቸውን ጥለው ተነሡ። አንዷ «በስመ አብ!» ስትል ሌላዋ «ያ አላህ!» አለች። ሽማግሌው አንገታቸውን ዳሰስ አድርገው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ደኅና ነኝ» አሉ።

ሳቁ እስኪበርድ በሀፍረት ሞትኩ። ከዚያ ለካቦው በጣቴ የጆንያውን ሰልፍ አሳየሁት። «እነእማዬ ቢፈጥኑ ይህ ሰልፍ ይረዝማል እንጂ መኪናው አይሞላም። ያነሰዎት መርፌ ነው።»

ካቦው ሰልፉን አየ፤ እኔን አየ፤ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እማዬ ግን ቤት ሄዳ የፍራሽ መስፊያዋን ትልቅ መርፌ ይዛ መጣች። አብራት የምትለቅመው ጎረቤታችንም የራሷን አመጣች። ሁለቱ ሽማግሌው አጠገብ ተደርድረው ሰፉ።

ሰኞ አንዱ የምሩን ባዶ ጠርሙስ ይዞ ክፍል ገባ። እኔ ተራዬ ደርሶ ሳነብ ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነበር። መሐል ላይ ስደርስ የጭነት መኪናው ጥሩምባ በሰዓቱ በመስኮታችን ሥር ወደ ሚኤሶ አለፈ። ንባቤን አቁሜ ሳቅኩ። መምህሩም ሰሌዳው ላይ «የጠርሙስ አንገት» የሚለውን አጥፍተው «ማነቆ» ብለው ጻፉ።

ማክሰኞ ማለዳ እማዬ እንደ ወትሮዋ ወደ መጋዘኑ ስትወጣ ተከተልኳት። ዞር ብላ፣ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታንቂ ነው?» አለችኝ።