ሙሉሰው የዳኘው የሦስት ቀለም ውድድር

ሙሉሰው ታፔላ ጸሐፊ ነበር። መካኒሳ ውስጥ ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ሱቆች፣ ፀጉር ቤቶችና ሥጋ ቤቶች ግማሽ ያህሉ ስማቸውን በእሱ እጅ ነው ያጻፉት። ፊደሉ ያምራል፤ በዚህ ማንም አያማውም። ችግሩ ግን ራሱን ታፔላ ጸሐፊ ብሎ አለመጥራቱ ነው። «ሠዓሊ ነኝ» ይላል፤ ሲጠየቅም፣ ሳይጠየቅም። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ተሳፋሪ ይህን ሳይሰማ አይወርድም። በዚህ ሠዓሊነቱ የተነሣ አንድ ክረምት የደረሰበትን ጉድ ዛሬ ከማንም በላይ የሚያወራው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ሲያወራው ጥሩ ጥሩውን ይዘለዋል ብሎ ይከፋል።

ሙሉሰው ቀለም ቀላቅሎ አያውቅም። የሚፈልገውን በቆርቆሮ ይገዛል፤ ቆርቆሮው ላይ «ቀይ» ከተባለ ቀይ ነው፣ «አረንጓዴ» ከተባለም አረንጓዴ ነው። ቀለም እየቀላቀሉ የሚሠሩትን «ወጥ ሠሪዎች» ይላቸዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ጽሑፉ የተፋቀ ቆርቆሮ ከፍቶ የዱጉማን ሥጋ ቤት ታፔላ ጻፈ። ዱጉማ ከሱቁ ወጥቶ ሽቅብ አየና፣ «ሙሉሰው፣ ጎመን መሸጥ ልጀምር እንዴ?» አለው። ለካ በአረንጓዴ ነው የጻፈው። ሙሉሰው ቀለም ሻጩን ረግሞ በሌላ ቆርቆሮ ደግሞ ጻፈው፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት ላይ፣ ሠዓሊነቱን ሰፈሩ በይፋ የሚያውቅለት መንገድ ታየው። የሥዕል ውድድር ያዘጋጃል፣ ዳኛውም ራሱ ይሆናል። ቢወዳደር ሊሸነፍ ይችላል፤ ዳኛ ሲሸነፍ ግን አይቶ አያውቅም። ቀበሌው አዳራሹን ለአንድ እሑድ ከሰዓት ፈቀደለት። ለሽልማት ጥሩ ጃንጥላ ገዛ። ከመካኒሳ እስከ ሀና ማርያም ድረስም በሚያምር ፊደሉ የጻፈውን ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «ታላቅ የውሃ ቀለም ውድድር። በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ብቻ። እውነተኛ ሠዓሊ በጥቂት ቀለም ይለያል።» በሦስት ቀለም የወሰነው በሳጥን የሚሸጡትን አሥራ ሁለት ቀለማት ለሁሉም መግዛት ስላልቻለ ነው። ይህ ግን ማስታወቂያው ላይ አልሰፈረም።

መርካቶ ሄዶ ከድር የሚባል ነጋዴ ዘንድ ሳጥናቸው የተሰባበረ የውሃ ቀለሞች አገኘ። ከረሜላ የሚያክሉ ደረቅ ቁራጮች ናቸው፤ ምንም ጽሑፍ የለባቸውም፣ አንድ ካርቶን ውስጥ ተደባልቀው ተቀምጠዋል። ከድር «ልምረጥልዎት?» ቢለው እንቢ ብሎ ራሱ ጎንበስ አለና ሃያ ቀይ፣ ሃያ ቢጫ፣ ሃያ ሰማያዊ ለይቶ አወጣ።

ከድር ሊጠቀልል ሲል እጁ ቆም አለ። «ጋሼ፣ እነዚህንም ከቀዩ ጋር ላድርጋቸው?»

«ወንድሜ፣ እኔ እንጀራ የምበላው በቀለም ነው» አለ ሙሉሰው።

ከድር ጠቀለለለት።

በቀጠሮው እሑድ ሃያ ሰው መጣ። ልብስ ሰፊው ማናዬ ገና በር ሳይከፈት ነበር የደረሰው። የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ጉርሜሳም መጣ። ጉርሜሳ የፉሪ ገበሬ ልጅ ነው፤ ብሩሽ ይዞ ባያውቅም የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ በከሰል ከብት ሞልቶታል። የሙሉሰው ባለቤት ውዳሴ ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሙሉሰው ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ወረቀት፣ ብሩሽና ሦስት ሦስት ቁራጭ አደለ፤ «ሰፈራችሁን ሣሉ» ብሎም አዘዘ።

ጉርሜሳ እጁን አነሣ። «ጋሼ ሙሉሰው፣ ለእኔ የደረሰኝ...»

«ጥያቄ የለም። በተሰጣችሁ ቀለም ነው የምትሠሩት።»

ሌሎችም ሊያነሡት የነበረውን እጅ መለሱ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ሥዕሎቹ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቀሉ። ሙሉሰው እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ አንዱ ጋ ራሱን እየነቀነቀ፣ አንዱ ጋ ዓይኑን እያጠበበ ዞራቸው። በመጨረሻ ከጉርሜሳ ሥዕል ፊት ቆመ። ሜዳ ላይ የቆመ ትልቅ በሬ ነው።

«ይህን በሬ እዩ» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ይህ ዝም ብሎ ቀይ አይደለም። የጠዋት ፀሐይ ያረፈችበት በሬ ነው። ቀይን የሚያውቅ ሰው የሠራው ነው።»

አንድ ሰው አሳለው፤ ከዚያ ሳቅ ከፊት ወደኋላ ተዛመተ። ሙሉሰው ንግግሩ የጣማቸው መስሎት «ደም አለው!» ብሎ ጨመረበት።

ጉርሜሳ ከመቀመጫው ተነሣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። በሬው አረንጓዴ ነው። ቀይ አልደረሰኝም። ቅድም ልነግርዎት ነበር።»

ሙሉሰው መጀመሪያ ተማክረው የሚያላግጡበት መሰለው። በዓይኑ ውዳሴን ፈለገ። በሃያ ዓመት ትዳራቸው ቤት ውስጥ እንጂ ሰው ፊት አላግጣበት አታውቅም።

«ውዳሴ፣ ይሄ በሬ ቀለሙ ምንድን ነው?»

«አረንጓዴ ነው» አለች በቀስታ።

«ሁሉ ነገሩ?»

«እስከ ቀንዱ።»

ቁራጮቹን አሰብስቦ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና እንድትለይለት ጠየቃት። እሱ ቀይ ብሎ ከገዛቸው ሃያዎቹ አሥራ አንዱ ቀይ፣ ሰባቱ አረንጓዴ፣ ሁለቱ ቡናማ ሆነው ተገኙ። ሦስት ቦታ ከፍላ ደረደረቻቸው። ሙሉሰው ጎንበስ ብሎ አየ፣ መነጽሩን አውልቆ አየ፤ ለእሱ ሁሉም ያው ናቸው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ታፔላ በዓይኑ ፊት አለፈ፤ ይሠራ የነበረው በዓይኑ ሳይሆን በንባብ ነበር ማለት ነው።

ማናዬ ተነሣ። ለእሱ እውነተኛው ቀይ ደርሶት ነበር። «እንግዲህ ዳኛው ቀለም ካልለየ ውድድሩ ይሰረዝ» አለ።

ሙሉሰው ትንሽ አሰበና ተነሣ። «ልክ ነህ፣ ቀለም አልለይም። እኔም ገና አሁን ነው የሰማሁት። መስመር ግን አውቃለሁ። የዚህ በሬ አራት እግር መሬት ረግጧል። አንተ የሣልከው ቤት ግን፣ ይቅር በለኝና፣ አየር ላይ ነው።»

ማናዬ ዞሮ ሥዕሉን አየ። ከዚያም ተቀመጠ። ጃንጥላው ለጉርሜሳ ተሰጠ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ዝናቡ ወረደባቸው። የነበራቸውን አንድ ጥሩ ጃንጥላ ሸልመው መምጣታቸው ነው።

«ታውቂ ነበር?» አላት።

«የዱጉማ ታፔላ ጊዜ ትንሽ ጠርጥሬ ነበር። ቲማቲም ግዛ ስልህም ሁልጊዜ ጥሬ ጥሬውን ታመጣለህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲቆይልን አስበህ መስሎኝ። እንዲያውም ቆጣቢ ነው ብዬ ለእህቴ አሞግስህ ነበር።»

በሳምንቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ በነጠብጣብ የተሞላ መጽሐፍ ገልጦ ምን ቁጥር እንደሚያይ ጠየቀው። ሙሉሰው ነጠብጣብ አየ። ገጹ ሲገለጥም ሌላ ነጠብጣብ አየ። ሐኪሙም ቀይና አረንጓዴ አለመለየቱ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የመጣ እንደሆነ፣ መድኃኒትም እንደሌለው ነገረው፤ ቀጥሎም ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሙሉሰው ጉሮሮውን ጠራረገና ሠዓሊነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጠው። «ታፔላ ጸሐፊ ነኝ» አለ።

ወሬው ሲዳረስ ሥራው የሚቀር መስሎት ነበር። ጥቂት ደንበኞች እውነትም መጥተው ታፔላቸውን በጥርጣሬ አዩ፤ ሁሉም ልክ ሆኖ ሲያገኙት ያዘኑ ይመስሉ ነበር። ሌሎቹ ግን ሊያጽፉ ሲመጡ ወንበር ስበው ይቀመጡና ታሪኩን እንደገና እንዲያወራላቸው ይለምኑታል። እሱም ብሩሹን ያስቀምጥና ይጀምራል፤ በሬው በየጊዜው ይተልቃል፣ ንግግሩም ይረዝማል።

በሚቀጥለው ክረምት ውድድሩን ደገመው። በዚህኛው ማስታወቂያ ላይ «በሰማያዊ ብቻ» ተብሎ ተጻፈ። ቁራጮቹን የመረጠችው ውዳሴ ናት፤ ያደለቻቸውም እሷ ናት። ጉርሜሳ በአዲስ በሬ ተወዳደረ፤ ማናዬም ቤት ይዞ መጣ፣ ያውም መሠረት ያለው። አዳራሹ ከአምናው እጥፍ ሞላ። ከመጡት ግማሾቹ ግን ብሩሽ አልተቀበሉም፤ ፊት ለፊት ወንበር ይዘው ሙሉሰው ሲዳኝ ለመስማት ነበር የመጡት።